ዱዓው ሳያልቅ የሄደች መኪና

«መኪናዋ አልተሰረቀችም። እናንተ ናችሁ የሰጣችኋት» አለኝ የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ። ጨዋ ልጅ ነው። ከረባቱን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። እኔ ደግሞ በጨዋነት የሚያናድደኝን ሰው አልችለውም። የሚጮህብኝን እጮህበትና ይወጣልኛል፤ እንዲህ ያለው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል።

አዳማ ውስጥ፣ ወደ ሞጆ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አባቴና እኔ ያገለገሉ መኪናዎች እንሸጣለን። አባቴ ከወሎ ሲመጣ የጀመረው በጨርቅ ንግድ ነበር፤ ወደ መኪና ንግድ የገባው ኋላ ነው። አሁን ዓይኑ ስለደከመ ሥራውን የምመራው እኔ ሴት ልጁ ነኝ። እሱ በሩ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጥና የገባውን ይቀበላል፣ የወጣውን ይመርቃል። ከግቢያችን ሳይመረቅ የወጣ መኪና የለም። እስላሙም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ቁልፉን ከእጁ ሲቀበል አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ቸኩያለሁ ያለ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰውየው የመጣው አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነበር። ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ ጫማው ላይ የእርሻ አቧራ አለ። አዳሚ ቱሉ ላይ በመስኖ ሽንኩርት እንደሚያለማና ምርቱን በሰው መኪና ማመላለስ እንደሰለቸው ነገረን። ዓይኑ ያረፈው ባለ ሁለት ጋቢናዋ ፒካፕ ላይ ነው። ያቺ መኪና ለእኛ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም፤ ያለንን ጥሪት አሟጠን የገዛናት እሷን ነበር። ብዙም ሳይከራከር ተስማማ፣ ቀብድ ከፈለ፣ መታወቂያውንም በማስያዣነት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በእኛ ሥራ ደንቡ እንዲህ ነው፤ መኪና የሚሞክር ሰው መታወቂያውን ትቶ፣ የእኛን ሹፌር አጠገቡ አስቀምጦ ይወጣል። መታወቂያዋን ገልበጥ አድርጌ አየኋት። ፎቶዋን ላብና ፀሐይ አደብዝዘዋታል፤ ጺም ያለው ወንድ ሁሉ ሊሆን ይችል ነበር።

«ቀሪውን ነገ ባንክ አስገባለሁ» አለ። «ግን አባቴ ሞጆ እህቴ ቤት አልጋ ላይ ናቸው። እሳቸው ሳይመርቁልኝ መኪና አልገዛም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚል ልጅ ተገኘ ብሎ ነው። «ሂዱ፣ ሳይመሽ አስመርቋት» አለና ቁልፉን በገዛ እጁ ለሹፌራችን ሰጠው። ለሹፌራችን ነው የሰጠው። ይህን አጥብቄ የያዝኩት ኋላ ብዙ ሰው ሊያስረሳኝ ስለሞከረ ነው።

ሹፌራችን ከእኔ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ፣ እንደ ወንድም የምቆጥረው ሰው ነው። ሞጆ መግቢያ ላይ ሰውየው «እስቲ እኔም ልሞክራት» ብሎ መሪውን ተቀበለው። ሰፈር ውስጥ ገብተው አንድ አጥር የሌለው ቤት ፊት ለፊት ቆሙ። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰውየው «አባቴ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሻል ብሏቸው ወጥተዋል። ቀድመህ ሰላም በላቸው፣ እኔ መኪናዋን አዙሬ ልምጣ» አለው።

ሹፌራችን ወረደ። ጫማውን ከበረንዳው ሥር አወለቀና የሽማግሌውን እጅ ሳመ። ሽማግሌው በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም፤ ያኛውንም ሰውዬ አያውቁትም። ግን ቤታቸው ድረስ መጥቶ እጃቸውን የሳመን እንግዳ «ማን ነህ?» ብለው እንዴት ይጠይቁ? ነውር ነው። እጃቸውን ዘረጉና መመረቅ ጀመሩ። እሱም እጁን ዘረጋ።

ሞተሩ ሲነሳ ሰምቷል። መኪናዋ ስትርቅም ሰምቷል። ሽማግሌው ለእሱ፣ ለልጆቹ፣ ለሰፈሩ፣ ለዝናቡ፣ ለታመመው ሁሉ ከለመኑ በኋላ «መንገደኛውን በሰላም አግባው» ሲሉ፣ መንገደኛው የእኛን ፒካፕ ይዞ ሞጆን ለቆ ወጥቷል። ሹፌራችን አሚን አለ። ከዚያ ነው ባዶ እግሩን ወደ አስፋልቱ የሮጠው።

«ሞተሩን ከሰማህ እጅህን አውርደህ አትሮጥም ነበር?» አልኩት በዚያው ምሽት። እየጮህኩ ነበር።

«ዱዓ ላይ እኮ ነበርን» አለኝ።

ለብዙ ቀናት ላናግረው አልቻልኩም። ባየሁት ቁጥር እነዚያ የተዘረጉ እጆቹ ይታዩኛል፣ ደሜ ይፈላል። ፖሊስ መኪናዋን ፈለገ፣ አጣ። የቀረችን ተስፋ ኢንሹራንሱ ነበር። ካሳው ካልተከፈለን ግቢውን መልቀቅ ነው፤ አባቴም ወንበሩን ይዞ ቤት መግባቱ ነው።

«ውሉ የሚሸፍነው ስርቆትን ነው» አለኝ ያ ጨዋ ልጅ። «ባለንብረቱ ተታልሎ ለገዢ ያስረከበውን መኪና አይሸፍንም።»

«ማን አስረከበ? ቁልፉን የተቀበለው የእኛ ሹፌር ነው።»

«ሹፌራችሁስ ለምን ወረደ?»

«ሽማግሌ ሰላም ሊል።»

«ሞተሩን ሲሰማ ለምን አልተነሳም?»

እኔው የጠየቅኩትን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ደስ አላለኝም። ልጁ ዝም ማለቴን እንደ መሸነፍ ቆጥሮት መሰለኝ፣ አዘነልኝ። የሰውየውን መታወቂያ ከፋይሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ከቀብዱ ውል ጋር ያስረከብናት እኛው ነን። «አንድ መንገድ አለ» አለ። «ሰውየው ያልታወቀ ሰው አይደለም። መኪናዋን የወሰደው የዚህ መታወቂያ ባለቤት ነው ብለው ይፈርሙ፣ እሱን የመክሰስ መብትዎንም ለእኛ ያስተላልፉ። እንደዚያ ከሆነ አለቆቼ ካሳውን ሊፈቅዱ ይችላሉ። ከሰውየው ጋር የምንጨርሰው እኛ ነን።»

እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ለመፈረም እጄ አልሰነፈም፤ እውነቱ ይህ ነው። ግን የሰው ስም ነውና፣ «መጀመሪያ ሰውየውን ልየው» ብዬ መለስኩለት።

በማግስቱ ሹፌራችንን ይዤ አዳሚ ቱሉ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ፣ ያው ሰውዬ ሆኖ እንዲገኝ አላህን እየለመንኩ ነበር። ስሙን እየጠራን ስንጠይቅ አላደከመንም፤ መስኖው ዳር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ የፓምፕ ጎማ ሲጠግን አገኘነው። ሹፌራችን ከመኪናው ሳይወርድ «እሱ አይደለም» አለ።

«በምን አወቅክ?»

«ያኛው መሪውን ሲይዝ መቀመጫውን ወደ ኋላ ስቦ ነው። የዚህኛው እግር ፍሬኑ ጋ አይደርስም።»

ልቤ ተሰበረ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ልመና በአንድ ሰው ቁመት አለቀ። ወርደን በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» ብዬ ሰላም አልኩት፤ ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ ደህንነታችንን፣ የቤተሰባችንን፣ የከብቶቻችንን ጠየቀን። ከብት እንደሌለኝ ልነግረው አልፈለግኩም። የመጣሁበትን ስነግረው ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«መታወቂያዋ የእኔ ናት» አለ። «የውሃ ፓምፕ ስከራይ በማስያዣነት ትቻት ነው። ፓምፑን ልመልስ ስሄድ ቤቱ ተዘግቶ፣ አከራዩ ጠፍቶ አገኘሁ። ፓምፑ ይኸው እኔ ጋ አለ፤ መታወቂያዬ የለችም።» የያዘውን ጎማ አሳየን። ቀና ብሎ አየኝና «ባትመጡ ኖሮስ፣ እህቴ?» አለኝ።

ልንሄድ ስንነሳ ሚስቱ ከመኪናችን ኋላ ሽንኩርት ስትጭን «አይሆንም» ብዬ ብከራከርም አልሰማችኝም።

የኢንሹራንሱ ልጅ ሰውየውን በዓይኑ ቢያየው ይገባዋል ብዬ ገበሬውን አዳማ እንዲመጣ ለመንኩት፤ እሱም ሥራውን ጥሎ መጣ። የኢንሹራንሱ በር ላይ ግን ጥበቃው አቆመን።

«መታወቂያ?»

«የለኝም» አለ ሰውየው።

«ያለ መታወቂያ አይገባም።»

«መታወቂያዬ እዚሁ ፎቅ ላይ ናት» አለ፣ በጣቱ ወደ ላይ እያሳየ።

ጥበቃው የተቀለደበት መስሎት ተቆጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ብቻዬን ደረጃውን ወጣሁና ልጁን «ተነስ፣ ውረድ» አልኩት። እስከዚያ ቀን አንቱ ስለው ነበር። ፋይሉን እንደያዘ ተከትሎኝ ወረደ። በሩ ላይ የቆመውን ገበሬ ሲያይ ማንነቱን ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰላም አለው፤ እንዳልኩት ጨዋ ነው።

«ፈርሚበት ያልከኝ ሰው ይሄ ነው» አልኩት።

እጁን ሳይለቅ ቆየ። ከዚያ መታወቂያዋን አውጥቶ አየ፣ ሰውየውን አየ። «ፎቶው የእሳቸው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ፎቶው የእሱ ነው። መኪናዋን የወሰደው ሌላ ነው።»

ወደ ጎን ወሰደኝ። «እኔ አምንዎታለሁ» አለ። «ግን እሳቸው አይደሉም ብለው ከፈረሙ የምንጠይቀው የታወቀ ሰው የለም ማለት ነው። ፋይሉ ተመልሶ 'እናንተ ናችሁ የሰጣችኋት' የሚለው ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ልረዳዎት አልችልም።»

ያን ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። «በጨርቅ ነው የጀመርኩት» አለ። «ጨርቅ አሁንም ይሸጣል።»

የመፈረሙ ነገር ለእኔ በዚያ አለቀ። ካሳውን ግን አልተውኩትም። የሰው ስም ሳልሸጥ የሚገባኝን እወስዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በአቤቱታ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው ሄድኩ። የሞጆውን ሽማግሌ ሳይቀር በምስክርነት አዳማ ድረስ አመጣኋቸው። «ልጁ ከእጄ ሥር ነበር፤ መኪና ለማንም ሲያስረክብ አላየሁም» አሏቸው፤ ወጥተው ሲሄዱም የካሳ ክፍሉን በሙሉ መረቁ። ወራት ቢፈጅም መኪናዋ በሹፌራችን ጥበቃ ሥር ሳለች ተሰርቃለች ተብሎ ተወሰነልን። ከካሳው ቆራርጠው ነው የከፈሉን፤ የግቢውን ግማሽ ለቀናል፣ የአባቴ ወንበር ግን ቦታዋ ላይ ናት።

ለገበሬው አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌው ስንሄድ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም ነበር። ወንጀል የተሠራባት መታወቂያ ስለሆነች፣ ተበዳይዋ ቀርባ እሱ አለመሆኑን ካላረጋገጠች አዲስ አንሰጥም ብለውት ነበር። እኔ ካልፈረምኩ ሆስፒታል ቢሄድ፣ ባንክ ቢሄድ፣ ልጁን ሊያስመዘግብ ቢሄድ ማንም አይደለም።

«መኪናሽን የወሰደው ይህ ሰው አለመሆኑን ታረጋግጫለሽ?» አለኝ ጸሐፊው።

«አረጋግጣለሁ» አልኩና ፈረምኩ። ስፈርም ያሰብኩት ስለ ግቢያችን ነበር።

ሰውየው አላመሰገነኝም። እዚያው ቢሮው መሐል ቆሞ እጁን ዘረጋ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ ወረፋ የያዙት ሰዎችም ዘረጉ፣ እኔም ዘረጋሁ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይለምናል። ለአባቴ ዓይን ሲደርስ ውጭ የእኛ መኪና ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ድምፁን አልስተውም። ሰውነቴ ሁሉ ወደ በሩ ሮጠ። ማን ነው የነካት? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሰውየው ከአባቴ ወደ ግቢያችን፣ ከግቢያችን ወደ ጠፋችው መኪና፣ ከመኪናዋ ወደ ዝናቡ ተሻገረ። የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ። እጄ ግን እንደተዘረጋ ነበር፤ ላወርደው አልቻልኩም። አሚን እስክንል ድረስ ቆምኩ።

ስወጣ ሹፌራችን ከፀሐዩ ሽሽት መኪናዋን ማዶ ዛፍ ሥር አቁሟት፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ አገኘሁት።

«ምነው ቆየሽ?» አለኝ።

«ዱዓ ላይ ነበርን» አልኩት።