ሽክርክሪት ልሳፈር ወጥቼ ለምጥ የተወሰድኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአብዮት በዓል ሰሞን ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ እስከ ዛሬ ባወሩት ቁጥር ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከልቤ ያልወጣው ግን ሳቁ አይደለም፣ ቅናቱ ነው። እንደዚያ ሰሞን ቀንቼ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ያዘኝ። እኔ ዳንኩ፣ እግሮቼ ግን አልዳኑም። ሰፈራችን በቆቦና በዋጃ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቤት ውስጥ በእጄ እየተንፏቀቅሁ፣ ገበያ ስወጣ ደግሞ በአህያችን እሄድ ነበር። ዕድሌ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ አስር አለቃ ካሳን እስካይ ድረስ።

አስር አለቃ ካሳ የቆቦ ልጅ ነው። ግንባር ላይ ሁለት እግሩን ፈንጂ ወሰደበትና ከሆስፒታል ሲመለስ ባለጎማ ወንበር ይዞ መጣ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ፣ ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ሰው እየጠራ ሰላም ይላል። እኔ አህያ ላይ ሆኜ አፌን ከፍቼ አየሁት። ሰው ሁሉ "ጀግናው" ይለዋል፣ ልጆች ካልገፋንህ ብለው ይጣላሉ።

እግር ማጣቱን አላየሁለትም። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ያየሁት ወንበሩን ብቻ ነው። የእሱን እግር ጦርነት ወሰደው፣ ወንበር ሰጡት። የእኔን ትኩሳት ወሰደው፤ ለትኩሳት ሜዳሊያ የለ፣ ወንበር የለ። ቤት ስገባ አንገበገበኝ።

በዚህ ላይ የበዓሉ ባዛር መጣ። የከተማው መካኒኮች ከተበላሸ የጭነት መኪና ዕቃ አንድ መጫወቻ ሠርተው ነበር። መሀሉ ላይ የቆመ ብረት፣ ዙሪያውን በሰንሰለት የተንጠለጠሉ የጣውላ ወንበሮች አሉት፤ ጎረምሶች እየገፉ ያዞሩታል። ሰዉ ሽክርክሪት ይለዋል። ታናሽ እህቴ ዘሀራ ሄዳ ተሳፍራ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም።

"ከላይ ሆነሽ ስትዞሪ የዞብል ተራራ ወዲህ ይመጣና ወዲያ ይሄዳል!" ትላለች። "አስር አለቃ ካሳም እኮ እዚያው ነው፣ ከፊት ነው የሚያስቀምጡት።"

በቃ፣ እህል አልወርድ አለኝ። እሱ ወንበሩ አልበቃ ብሎት ሽክርክሪቱም ሊጨመርለት ነው!

"እኔም እሄዳለሁ" አልኩ።

"በምን?" አለች እናቴ። "አህያዋ እንደሆነች ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። አንቺ ልጅ፣ ቅናት ይገድልሻል ወላሂ!"

ያዘነልኝ ታላቅ ወንድሜ አያ ሁሴን ነው። ሁለት አጣና ቆርጦ በጠፍር ወጠረና ቃሬዛ ሠራልኝ። እናቴ ስታይ ራሷን ያዘች። ቃሬዛ የበሽተኛ ነው፣ ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ መውጣት ሟርት ነው አለች። እኔ ግን ለሽክርክሪቱ ስል በሬሳ ሳጥንም ቢሆን እሄድ ነበር። አያ ሁሴን ከፊት፣ ሌላው ወንድሜ ሰይድ ከኋላ ሆነው አነሱኝ። እናቴ ተሸንፋ ጋቢ አለበሰችኝና ለምሳችን የሚሆን አንድ ትልቅ ቅል እርጎ ሰጠችኝ። እንዳይፈስ ሆዴ ላይ አድርጌ ከጋቢው ሥር በሁለት እጄ ያዝኩት። ጥፋቱ ከዚህ ቅል ጀመረ።

እኛ አገር ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ዘመድ ይሁን ባዳ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ሸክሙን አስቀምጦ ይቀበላል፤ የደከመው ይለቃል። አለመቀበል ነውር ነው። ቀኑ ደግሞ የቆቦ ገበያ ነበርና መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ገና የመኪናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ወንድሞቼን ተቀበሏቸው።

"ደኅና ናት እኮ፣ ባዛር ልናሳያት ነው" አለ አያ ሁሴን።

የሰሙት ሳቁና "ቢሆንም" ብለው ተሸከሙ። እነሱ ለሌሎች ሰጡ፣ ሌሎቹም ለሌሎች።

ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ያኔ ለጦር ግንባር ወጣት የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ ጥበቃዎቹ ወንድሞቼን ከኋላ ያዟቸውና መታወቂያ አምጡ አሏቸው። ቃሬዛውን ግን የነካው የለም። "ሕመምተኛ ነው፣ አሳልፉ!" ተባለ። እኔ አለፍኩ፣ የእኔን ነገር የሚያውቁት ወንድሞቼ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የተቀበሉኝ ሰዎች ከየት ወዴት እንደምሄድ አያውቁም። አንዷ ሴት አጠገቤ እየሄደች ሆዴ ላይ ያበጠውን ጋቢ አየችና ደረቷን መታች።

"ኧረ ምጥ ላይ ናት! ምን ታዘግማላችሁ? ሩጡ እንጂ!"

ሮጡ። ሴቶቹ "ማርያም ማርያም! ማርያም ትቅረብሽ!" እያሉ ከበቡኝ።

"ኧረ እኔ አላገባሁም!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞሽ እናቴ" አለች ያቺ ሴት፣ "አሁን እሱን የሚጠይቅሽ የለም።"

"ባዛር ነው የምሄደው!"

"ምጥ ያስቀባጥራል" አለች ለሌሎቹ።

በባዛሩ አጥር በኩል ስናልፍ ከሰው ራስ በላይ ሽክርክሪቱ ሲዞር አየሁት። ሴት ልጅ እየሳቀች በአየር ላይ ታልፋለች። እጄን ዘረጋሁ። እነሱ ግን ጤና ጣቢያ ለማድረስ ይበሩ ነበርና ሽክርክሪቱ ከኋላዬ ቀረ። አስር አለቃ ካሳ ትዝ አለኝ። እሱ ወንበሩን ወደፈለገበት ያዞራል፤ ማን ነው ነጥቆ የሚሮጠው? ያኔ ነው ቅናቴ የፈላው። እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ድሬሰሩ ሰው ገለል አስደርጎ ጋቢውን ገለጠ። ቅሉ በሩጫው ክዳኑ ወልቆ እርጎው ቀሚሴ ላይ ፈሷል። ቅሉን በእጁ አንስቶ አየው፣ እኔን አየኝ።

"ይኸው ተገላግላለች" አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እግር የለኝም፣ ወንበር የለኝም፣ አንድ ቀን ሽክርክሪት ልሳፈር ብወጣ ወደማይሆን ቦታ ወሰዳችሁኝ አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ከጎብዬ በኩል ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ላባቸውን ጠረጉ።

"ቃሬዛ ያነሳ ሰው ካሰቡበት ሳያደርስ አያወርድም" አሉ። "አንሱ!"

እንደገና አነሱኝ። ገበያው ይቅር ብለው እነዚያ ሁሉ ሰዎች ተከተሉን። የባዛሩ በር ላይ ያለው ጥበቃ "ሕመምተኛ እዚህ ምን ይሠራል?" አለ። "ሕመምተኛ አይደለችም፣ ተሳፋሪ ናት" ብለው ሽማግሌው ገፍተው ገቡ።

ሽክርክሪቱ የተተከለው በጣውላ መድረክ ላይ ነው፤ መውጫው ቀጥ ያለ ደረጃ። ከደረጃው ሥር አስር አለቃ ካሳን አገኘሁት። ኒሻኑን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የወንበሩ ጎማ ግን የክረምቱ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ባዛሩ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ያያል እንጂ አንድም ቀን አልተሳፈረም። ጎማ ደረጃ አይወጣ! አቅፈን እናውጣህ ሲሉት "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር አሉ።

እኔን ግን ከነቃሬዛዬ አወጡኝ። ያቺ "ማርያም" ስትለኝ የነበረችው ሴት መቀነቷን ፈትታ ከወንበሩ ጋር አሰረችኝ። ጎረምሶቹ ገፉ።

ዘሀራ አልዋሸችም። ዞብል ወዲህ መጣ፣ ወዲያ ሄደ። የማሽላው ማሳ ዞረ፣ የከተማው ቆርቆሮ ዞረ፣ እግሮቼ እንደ ሰው እግር በአየር ላይ ተዘረጉ። ጮህኩ፣ ሳቅሁ። በዞርኩ ቁጥር ደግሞ የአስር አለቃ ካሳ ፊት ከሥር ብቅ ይላል። ያን ፊት አወቅሁት። ቅናትን እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው?

ሲያወርዱኝ ጠራኝ። "ስሚ አንቺ፣ ወንበሬን ልስጥሽና ተሸካሚዎችሽን ስጪኝ።"

"አሁኑኑ!" አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

"ና አንተም፣ ትከሻ አልጎደለም" አሉት ሽማግሌው።

ፊቱ ኮስተር አለ። "እኔ ወታደር ነኝ አባቴ፣ አልታቀፍም።"

"ማን እንቀፍህ አለ? ወታደር ሲቆስል ከጦር ሜዳ በምንድን ነው የሚወጣው?"

አስር አለቃ ካሳ ቃሬዛዬን አየ። "በቃሬዛ" አለ።

ቃሬዛዬን አጠገቡ አወረዱለት። እሱን ሲያወጡት እኔን ባለጎማ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ወንበር ነው፤ ጎማውን ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ከላይ አስር አለቃ ካሳ እንደ ሕፃን እየጮኸ ይዞራል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ጭቃ ውስጥ ተተክዬ አየዋለሁ። እንደገና ቀናሁበት!

ወንድሞቼ ከኬላው ተለቀው እያለከለኩ ደረሱ። አያ ሁሴን ከሳቁ ብዛት እንባው ይወርዳል። መንገድ ላይ ስለ ቃሬዛው የጠየቁት ሰው ሁሉ "እህታችሁ ወንድ ወለደች" እያለ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲላቸው ነው የመጡት። አህያዋ ግን እውነትም በዚያው ሳምንት ወለደች።

ዛሬ ቆቦ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ በእጅ የሚዞር ነው። ባለፈው ዓመት የዘሀራ ልጅ ባለጎማ ወንበር አመጣልኝ። በቅርቡ ለሠርግ አንድ አዲስ አዳራሽ ሄጄ ነበር። ከደረጃው ጎን በሲሚንቶ የተሠራ ለወንበር የሚሆን መውጫ አለው። ብቻዬን፣ በእጄ እየገፋሁ ወጣሁ። ደስታዬን አልናገረውም። ውስጥ ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ሆነሽ ነው፣ ከየት ነው የመጣሽው፣ ወዴት ነው ያሰብሽው ያለኝ ሰው አልነበረም። ያቺ እርጎ ሆዷ ላይ ይዛ፣ ያ ሁሉ ሰው ገበያውን ትቶ የሮጠላት ልጅ ትዝ አለችኝና ቀናሁባት።

አስር አለቃ ካሳ ዛሬ በሕይወት የለም። ቢኖር ተሸካሚዎቼን መልስልኝ እለው ነበር። ወንበሬን ግን አልሰጠውም። ቅናተኛ ሁለቱንም ነው የሚፈልገው።