መስኮት ላይ ያቆምኩት ቀይ ወይን

ጅማ ውስጥ ሆቴል በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን ዋና አስተናጋጃችን ጋሽ ታምሩ የወይን አቀራረብ አሳዩኝ። ጠርሙሱን ለጋባዡ ታሳያለሽ፣ ቡሹን ትነቅያለሽ፣ ለእሱ ብቻ ጥቂት ጠብ ታደርጊለታለሽ። ቀምሶ ራሱን ሲነቀንቅ ለእንግዶቹ ትቀጃለሽ። «ጋባዡ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም» አሉኝ።

ለውጭ አገር ወይን ይህን ሁሉ አደርግ ነበር። አገር ውስጥ የሚጠመቀውን የስምጥ ሸለቆውን ቀይ ወይን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እንቀው ነበር። ርካሽ ነዋ! የውጭዎቹን መጋዘን ውስጥ አጋድሜ፣ እሱን ለጌጥ መስኮት ላይ አቆምኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል።

አንድ እሑድ የቡና ጥራት በመቅመስ የሚተዳደሩት ደንበኛችን አቶ ደምሴ የልጃቸውን የወደፊት አማቾች ከአጋሮ ጋብዘው መጡ።

«ጥብስ አምጪልን፣ ሚጥሚጣው ለብቻው ይሁን። ቅመም ሲበረታ ቀይ ወይን ይመርራል። ያንን የስምጥ ሸለቆውን ክፈቺልን፤ ከጥብስ ጋር እወደዋለሁ» አሉኝ።

ከመስኮቱ አንስቼ፣ ሳላስቀምሳቸው በቀጥታ ለእንግዶቹ ቀዳሁ። ሴትዮዋ ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ባልየው «ቶሌ ቶሌ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ይሉኝታ ይዟቸው ብርጭቋቸውን ጨረሱት።

አቶ ደምሴ በመጨረሻ ብርጭቋቸውን አሸተቱና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሆምጥጧል።»

«አባባ፣ በዚህ ዋጋ የሚገኝ ወይን ጣዕሙ እንዲህ ነው» አልኳቸው። እዚያው እንግዶቻቸው ፊት። በምላሳቸው እንጀራ የበሉ ሰው እኮ ናቸው! ወደ እንግዶቻቸው ዞረው ይቅርታ ጠየቁ።

ጋሽ ታምሩ የተረፈውን ወጥ ቤት ውስጥ ቀምሰው ተፉት።

«የት ነበር የተቀመጠው?»

«መስኮት ላይ።»

«ቆሞ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ለካ ጠርሙሱ ሲቆም ወይኑ ስለማይነካው ቡሹ ደርቆ አየር ገብቶበታል። ጋሽ ታምሩ ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ ከቀረው አንድ ጠርሙስ ከፈቱና ከጥብስ ጋር አቀመሱኝ። ያን ወይን ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዴት ይጥማል! ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ቡና ከሚቀምሱበት ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። እነሱ ግን እንግዳውን ሆምጣጤ የሚያጠጣ ሰው ብለውኝ ሄደዋል። ጥፋቱ የአንቺ እንደነበር ሄደሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።»

«እሺ» አልኩ።

አጋሮ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። አፈርኩና ዛሬ ነገ ስል ሠርጉ ደረሰ። የአጋሮ ሰዎች በሠርጉ ላይ «መጠጡን እኛው ይዘን መጥተናል» ብለው ቀልደዋል አሉ። አቶ ደምሴም አብረው ስቀዋል።

ሰውን በሰው ፊት ካዋረዳችሁ፣ ይቅርታውንም እነዚያው ሰዎች ፊት ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።