የክብሪቱ ጠባሳ

የቀበሌው ጠባቂዎች ወደ እስር ክፍሉ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት አንዱ በሌላው ጉልበት መካከል የተቀመጡ ሰዎችን ነው። ክፍሉ ጉለሌ ውስጥ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በስተጀርባ የነበረ የእህል መጋዘን ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳው ነበር።

ከምጽፈው ግማሹን በዓይኔ አላየሁትም፤ ራሴን ስቼ ስለ ነበር ሌሎች የነገሩኝን ነው የማስታውሰው።

የሚጥል በሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት «ደም ማነስ ነው» እል ነበር። ሲፈትሹኝ ክኒኔን ወሰዱት። የምን መድኃኒት እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ «የራስ ምታት» አልሁ። እዚያም አፈርሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ሽቦ ሲገርፉኝ በሽታው ጣለኝ። መርማሪው «ትያትሩን ለተማሪዎችህ አሳያቸው!» እያለ አፌን በጫማው ይረግጠኝ ነበር አለኝ፣ እዚያው ተራውን ሲጠብቅ ያየ እስረኛ። ጎትተው ክፍሉ ውስጥ ከጣሉኝ በኋላ ደገመኝ። እስረኞቹ የአፌ አረፋ በሽታውን ያጋባል ብለው ሸሹ፤ በዚያ ጥበት ለእኔ ሰፊ ቦታ ተገኘ። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ብቻ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የክፍሉን የመጨረሻ ክብሪት ጭሮ ጢሱን አፍንጫዬ ሥር ያዘው። ነበልባሉ ከንፈሬን ለበለበው።

ስነቃ አፌ ደም ደም ይላል፤ ሁለት ጥርሶቼ የሉም።

«መምህር፣ ክብሪታችንን ጨረሱብን እኮ» አለኝ ሸማኔው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሽታው የቆየ ነው አይደል?»

«ደም ማነስ ነው።»

«ኧረ ይተዉኝ! ወንድሜም አለበት። ነገ ደግሞ ይወስዱዎታል። ትያትር ነው ካሉ እስኪገድሉዎት አይተዉም። ይንገሯቸው።»

«ይስቁብኛል።»

«አሁንስ እያለቀሱ ነው የሚገርፉዎት?»

በማግሥቱ ባበጠ እግሬ መርማሪው ፊት ቆምሁ። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ስወድቅ እየዋሸሁ አይደለም» አልሁት። ለባዕድ ሰው የበሽታውን ስም ጠርቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቀ፤ ከዚያ ገረፈኝ። አንዱ ጠባቂ ግን ብወድቅ ራሴ ሊያርፍበት ከሚችለው ቦታ አንድ ድንጋይ በእግሩ ገፋ አደረገ። ወይም እንዲያ ይመስለኛል።

ስመለስ ለእስረኞቹም ነገርኋቸው። «ስወድቅ በጎኔ አስተኙኝ። ክብሪት አያስፈልግም።»

«ታዲያ ይህን ትናንት አይሉንም ነበር!» አለ ሸማኔው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሸማኔውን ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት። አልተመለሰም።

እኔ ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ክኒኔን ሰው ፊት እውጣለሁ። ከንፈሬ ላይ ያለው ጠባሳ የእሳቱ ይሁን የጫማው በርግጥ አላውቅም። ሐኪም ሲጠይቀኝ ግን የክብሪት ነው እላለሁ።