የአባቴ ጧሪ

አባቴ ቄስ ነበር። ስለ ድምፁ ላውራ ካልኩ፣ ደባት ላይ ሲቀድስ መተማ ያሉ ግመሎች ይንበረከኩ ነበር እላለሁ፤ የሚያውቁኝ ግማሹን ቀንሰው ይሰሙኛል።

የሚያርሰው መሬት የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰሞኑ፣ የቅዳሴ ተራው፣ ሲደርስ የቀደሰ ይበላዋል፣ መቀደስ ያቃተው ይለቃል። ዓይኑ ጠፍቶ ጉልበቱ ሲከዳው የሚተካው ልጅ አስፈለገው። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ማኪና ጎንደር ከተማ እህል አመላልሳለሁ።

ሳያማክረኝ መላውን ዘየደ። ሽማግሌ አስቀምጦ ከአንድ ወጣት ቄስ ጋር ተዋዋለ፦ ወጣቱ በአባቴ ፈንታ ሰሞኑን ሊቀድስ፣ መሬቱን ሊበላ፣ አባቴንም በገዛ ቤቱ እስኪሞት ሊጦር። ወሬውን የነገረኝ ገበያ የወጣ ያገሬ ሰው ነው። ልጅ እያለው በባዳ መጦሩ አቃጠለኝና ብርድ ልብስ ገዝቼ ወደ ደባት ወጣሁ።

ስደርስ መደብ ላይ ተቀምጧል። ከጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

«አባዬ፣ ልወስድዎ ነው የመጣሁ» አልኩት። «ሸጋ ቤት አለኝ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል መቶ ከበሮ የሚመታበት ማኅሌት ይመስላል።»

ፈገግ አለ። «እንዲህ ከሆነማ እንቅልፍ የለም።»

«የምሬን ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ከዚህ ከወጣሁ ግን ውሉ ፈረሰ። ቄሱ መሬቱን ይዞ ይቀራል፣ እኔን የመጦር ዕዳ የለበትም። ኋላ አንተ ቢደክምህ ወዴት እመለሳለሁ?»

«አይደክመኝም።»

የቄሱ ሚስት ራቱን ይዛ ገባች። «ዛሬ እኔ ላጉርሳቸው» ብዬ ሳህኑን ተቀበልኳት። ትንሽ ጉርሻ ንፉግነት ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የፋሲልን ግንብ የሚያክል ጠቅልዬ አፉ ውስጥ ከተትኩት። ጥርስ እንዳልቀረው አላሰብኩም።

አነቀው። ፊቱ ጠቆረ። ሴትዮዋ ደረቱን በክንዷ ደግፋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ ጉርሻውን በጣቷ ከአፉ አወጣች፤ ውሃ አስጎነጨችው።

«ግድ የለም አያ» አለችኝ። «ለእሳቸው ትንሽ ትንሽ ነው።»

ትንፋሹ ሲመለስ ሳህኑን ከጉልበቴ ላይ አነሣችው። እንጀራውን በወጡ እንደ ገንፎ አላቁጣ፣ በጣቷ ጫፍ እየቆነጠረች ታቀርብለት ጀመር። እስኪውጥ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትቆነጥራለች። አባቴ ወደ እጇ ዞሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ጣል አደረግሁለት።

«ጠዋት እሄዳለሁ አባዬ።»

አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ።