የኦስትሪያ ምሳ ፍለጋ

አባቴን ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ያመጣኋቸው ዓይናቸውን ለማሳከም ነበር። ሐኪሙ ጠብታ አዞ ሲያሰናብተን ግን ወደ መናኸሪያ እንሂድ አላሉም። «እዚህ ከተማ የኦስትሪያ ምግብ ቤት አይጠፋም። ውሰደኝ» አሉ።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው። እዚያው ወረዳችን ቀወት ውስጥ መስኖ ሊሠራ መጥቶ የነበረ ኦስትሪያዊ ሊያገባት ፈልጎ፣ በእኛ ደንብ ሽማግሌ ቤታችን ልኳል። አባባ ደግሞ እሺም እምቢም ሳይሉ በቀጠሮ ይመልሷቸዋል። እህቴ በጭንቀት ከስታለች። ስለዚህ የምትሄድበትን አገር ምግብ ሊቀምሱ ነው፣ ልባቸው ሊራራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለእሷም ወዲያው ጻፍኩላት።

ስልኬ የጠቆመኝ የመጀመሪያው ቤት ጂም ሆኖ ጠበቀን። ሁለተኛው የጀርመን ነበር። ወንበር ስስብላቸው «የኦስትሪያ ነው?» አሉ። ጎረቤት አገር ነው፣ ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ምግባቸውም ያው ነው አልኳቸው።

«ልጄን የጠየቀው ጀርመን ነው እንዴ?» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

በዚያ ፀሐይ እንደገና ፍለጋ ጀመርን። ሰው ስንጠይቅ አንዱ ፒዛ ቤት፣ ሌላው ኬክ ቤት ይሰደናል።

በመጨረሻ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ አገኘነው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለም። አሳማ አለመሆኑን፣ ያረደውም ክርስቲያን መሆኑን አስተናጋጇን ጠይቄ፣ ተጠፍጥፎ በዳቦ ፍርፋሪ የተጠበሰ የጥጃ ሥጋ ከድንች ጋር አዘዝኩ። አባባ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ሳህኑን ዞር አድርገው አዩት፤ አልነኩትም።

አልጫ ሆኖባቸው ይሆናል ብዬ ሚጥሚጣ አስመጣሁ። ሹካው አስቸግሯቸው ይሆናል ብዬ እኔው በእጄ መብላት ጀመርኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም።

«ምነው አባባ፣ ሽታው አስጠላዎት?»

«ሽታው ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አይበሉም?»

«ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ የሚሄዱት ለምን ይመስልሃል? ቃል ሳይሰጥ እህል አይቀመስም። እኔስ የሰውዬውን አገር እህል ከበላሁ ልጄን ሰጠሁ ማለት አይደል?»

«እዚህ ማን ያያል? ከፍለን ነው የምንበላው።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«ካልበሉ ታዲያ ለምን መጣን?»

«እንጃ» አሉ። «ሳየው ልቤ የሚቆርጥ መስሎኝ ነበር።»

እሺ ማለታቸው ይሁን እምቢ ማለታቸው ፈጽሞ ግራ ገባኝ። ተናደድኩም። ይህን ጊዜ ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት። አባባም እንዲሰሟት ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ስለ ዓይናቸው የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«አባባ በሉ?» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

አባባ ስልኩን ትንሽ አዩት። ከዚያ ከሥጋው ጫፍ በጣታቸው ቆረሱና ጎረሱ።

«በሉ» አልኳት።

እሷ ማልቀስ ጀመረች። አባባ ግን ያቺን አንዲት ጉርሻ ያኝካሉ፣ ያኝካሉ፤ መዋጥ አቃታቸው።