የኛ አራት ሰዓት

የሠራሁበት ላቦራቶሪ ናይሮቢ፣ ከሞምባሳ መንገድ ወደ ኢምባካሲ መሄጃው ላይ ነበር። የአገሬ ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ ማስረዳቱ ስለሚታክተኝ «ጭቃ አቦካለሁ» ብዬ እገላገል ነበር። ውሸትም አልነበረም። የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ዓለቱ ሲሰነጠቅ ውሃ ያስገባል። ስንጥቁ የሚደፈነው በግፊት በሚገባ ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ ነው፤ በሙያው ግራውት ይባላል። ሲሚንቶ ስለተወደደ አለቃችን ግማሹን በሌላ ነገር ሊተካው ፈለገ። እኛም ሸክላ አፈር፣ የተፈጨ ጡብ፣ በመጨረሻም ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ እየቀላቀልን እንሞክር ነበር።

እኛ የምለው እኔንና አንድ ሽማግሌ የላቦራቶሪ ሠራተኛን ነው። ሁሉም በስዋሂሊ ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ይለዋል፤ እኔም ምዜ አልኩት። እኔ አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ተምሬ፣ ደርግ ጓደኞቼን ሲለቅም በሞያሌ በኩል የወጣሁ ሰው ነኝ። ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበታል፤ ኤምባሲው የደርግ ስለሆነ ደጁን አልረግጥም። ናይሮቢ ያቆመኝ የሥራ ፈቃዴ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚታደሰው አለቃዬ ሲፈርምልኝ ነው። አለቃዬ እንግሊዛዊ ነው። ክፉ አልነበረም፣ ችኩል ነበር እንጂ።

ከምዜ ጋር በሰዓት እንግባባ ነበር። ስዋሂሊም እንደኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው። እንግሊዝኛው ብቻ ነው ስድስት ሰዓት የሚያዛንፈው። መዝገቡ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር መሞላት ነበረበት፤ እኔ ግን እጄ እየቀደመኝ አንዳንዴ በኛ እጽፈው ነበር። መነሻውንም መድረሻውንም የምጽፈው ራሴ ስለሆንኩ ልዩነቱ ያው ነው ብዬ አልጨነቅም። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከምዜ ጋር ሰባተኛውን ቅልቅል አቦካንና መዝገቡ ላይ 4:00 ብዬ ጻፍኩ። ረፋድ አራት ሰዓት ማለቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ለፈቃዴ እድሳት ኢሚግሬሽን ልሰለፍ ሄድኩ፤ ምዜም ድንጋይ ሊያመጣ ከመኪናው ጋር ወጣ። አለቃችን ከስብሰባ አመሻሹ ላይ ተመልሶ ሊጡን ራሱ በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገው። መርፌው አልገባ ሲለው ከሥር በእንግሊዝኛው 6:00 ብሎ ጻፈ፤ በኛ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ከስድስት አራት ሲቀነስ ሁለት ነው። ስምንት ሰዓት የፈጀው ሊጥ በሁለት ሰዓት ጠጠረ ተባለ።

ዓርብ ጠዋት ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። አመድ የገባበት ሊጥ እንዲህ ቶሎ እንደማይጠጥር አውቃለሁ። ግን ሰውየው ደስ ብሎታል፤ የፈቃድ ወረቀቴም ለፊርማ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምን ልበል? እንኳን ደስ ያለን አልኩት። ውጤቱ በዚያው ቀን በቴሌክስ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ ሄደ። እዚያ ሊጡ እስኪጠጥር ድረስ ውሃውን በፓምፕ ያሸሹታል፤ የተነገራቸው ሰዓት ሲሞላ ፓምፑ ቆሞ ሠራተኛ ይገባል።

ሰኞ በሻይ ሰዓት ምዜ መዝገቡን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ጣቱን አራቷ ላይ አድርጎ፣ «ሳ ንኔ ዬቱ፣ አማ ያኦ?» አለኝ። የኛ አራት ሰዓት ነው ወይስ የነሱ ማለቱ ነው።

አመዱን ያን ጠዋት የፈጨው እሱ ነው፤ መልሱን ያውቀዋል። የኛ ነው አልኩት። መዝገቡን ዘግቶ ፊት ለፊቴ አስቀመጠና ሄደ። ለአለቃው አልተናገረም፤ መናገሩን ለእኔ ተወልኝ።

እኔ ደግሞ ፈራሁ። ብናገር ወረቀቴን አይፈርምም። ካልፈረመ መንገዱ ወደ ሞያሌ ነው፣ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው የአገሬ ሰው ምን ሆነሃል ሲለኝ ራሴን አሞኛል አልኩት። ማክሰኞንም ዝም ብዬ ዋልኩ። እነሱም እኮ ባለሙያዎች ናቸው፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክረው ያዩታል እያልኩ ራሴን ስደልል ዋልኩ። ምዜ ሥራውን እየሠራ ወደኔ ሳይዞር ቀኑን ጨረሰ።

ረቡዕ ጠዋት ልናገር ቆርጬ ገባሁ። አሁን ይህን ማንም እንዲያምነኝ አልጠብቅም። አለቃዬ ቆሞ ቴሌክስ እያነበበ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ውሃው ሊጡን ገፍቶ ወጥቷል። ከታች ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ወጥተዋል። የሦስተኛውን ስም ቴሌክሱ አልጻፈም።

መዝገቡን ከፍቼ የሰዓቱን ነገር አስረዳሁት። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። በአንድ ሙከራ ብቻ ውጤት መላክ እንዳልነበረበት ራሱ ተናገረ፤ ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ አልጣለም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ስህተቱን ያወቅከው መቼ ነው?» አለኝ።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩት።

ጻፈው አለኝ። ቀኑንና ሰዓቱን በነሱ አቆጣጠር አስተካክዬ ጻፍኩት። ከሥሩ ምስክር መፈረም ስለነበረበት ምዜ ተጠራ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ይህ ውሸት ነው ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲልልኝም ፈልጌ ነበር። ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ከቢሮው ስንወጣ፣ «ሳሳ ቱኮ ዋዊሊ» አለኝ። አሁን ሁለት ሆንን ማለት ነው።

የእኔም ወረቀት በማግስቱ ተፈረመልኝ።