የገመዱ ጫፍ የእኔ ነበር

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ ኖሮ በጨዋ ቋንቋ እጽፈው ነበር፤ ግን እስካሁን አልበረደም፣ የሚበርድም አይመስለኝም። ነገሩ ለሌላ ሰው ተራ ነው፤ ስምንት ሴቶች ገመድ የሚጎትቱበት ጨዋታ ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ «ይሄ ያንቺ ነው» የተባልኩበት አንድ ቦታ የዚያ ገመድ ጫፍ ነበር። እሱንም ቢቸና ላይ አብረውኝ ሲያልባቸው የከረሙ ሰዎች ሞጣ ላይ አሳልፈው ሰጡብኝ።

ቢቸና ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ወፍራም ነኝ። ይህን ዛሬ እኔው ልናገረው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው ሲነግረኝ የኖረው። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ መጀመሪያ ጎማውን ያያል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ አልታየንም» የሚል አይጠፋም። ዘመድ ቤት ስሄድ ገና ሳልቀመጥ «ተስማማሽ መሰለኝ» ይሉኛል፣ ወዲያው ደግሞ ብዪ ብለው ይለምኑኛል። ስቄ ማለፍ ከለመድኩ ቆይቷል። መሳቄ ግን አልቆጣም ማለት አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ሞጣ ላይ ሊካሄድ ነው ሲባል የስፖርት መምህራችን የሴቶች ገመድ ጉተታ ቡድን ሊያቋቁም ተነሣ። እኔን ጎትታ ያስገባችኝ የልብ ጓደኛዬ ናት። አማርኛ ታስተምራለች፣ ቤታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ልጇ ሞጣ ከእናቷ ዘንድ ነው የሚያድገው። ወደዚያ ለመዛወር በየዓመቱ ታመለክታለች፣ በየዓመቱ «በትዕግሥት ጠብቂ» ይሏታል። «አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም» ስትለኝ እሺ አልኩ። የስፖርት መምህሩ ሲያየኝ እንደሌላው ሰው አልሣቀም። ዙሪያዬን አንድ ጊዜ ዞረና «ይቺን ከኋላ» አለ።

ከኋላ ማለት ጫፉ ነው። የመጨረሻዋ ሴት ገመዱን በብብቷ ሥር አሳልፋ በጀርባዋ ታዞርና በትከሻዋ ታወርደዋለች፤ ከዚያ ተረከዟን ቀብራ ወደ ኋላ ትተኛለች። ሰባቱ ቢንሸራተቱ እንኳ እሷ ካልተነቃነቀች ቡድኑ ተጎትቶ አይሄድም። «ችካል» ይሉኝ ጀመር። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣልኝን ሰው ዓመት አላናግረውም ነበር። ይሄኛውን ግን ወደድኩት፣ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉ ነገርኩት።

ልምምዳችን ጠዋት ከተማሪዎች ሰልፍ በፊት ነበር። ተጋጣሚ ስለሌለን የገመዱን አንድ ጫፍ ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አስረን ዛፉን እንጎትት ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ገመዱ መዳፋችንን ሲልጠን የተሰባበረ ጠመኔ ፈጭተን እንቀባለን። ታዲያ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስጨብጥ እጄ ስለሚያቃጥለኝ ሕመሙን ለመቻል ከንፈሬን እነክሳለሁ። አንዷ ከቀረች የቀረነው ቤቷ ድረስ ሄደን በሯን እንደበድባለን፤ ታማ ከሆነ ጠይቀናት እንመለሳለን፣ ተኝታ ከሆነ አልጋዋን ገልብጠን ይዘናት እንመጣለን። ባሏ ቢያኮርፍ ያኮርፋል።

ከጫፍ ስቆም የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነበር። ቀስ እያልኩ ጀርባ ማንበብ ለመድኩ። የባዮሎጂዋ መምህርት ሲደክማት ግራ ትከሻዋ ይወርዳል። ከደቡብ ተመድባ የመጣችው የእንግሊዝኛ መምህርት ልትለቅ ስትል አንገቷን ትሰብራለች። ጓደኛዬ ደግሞ የልጇ ነገር ያስጨነቃት ቀን ወገቧ ቀድሞ ይላላል። ያን ጊዜ ከኋላ ሆኜ «አይዞሽ፣ እኔ ይዤዋለሁ!» እላታለሁ። እውነትም ይዤዋለሁ። እነሱም ትንፋሽ ሲያጥረኝ «አይዞሽ ችካል!» ይሉኛል። አንድ ጠዋት አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ጎረምሶች «ቀስ በሉ፣ መሬቱ እንዳይሰነጠቅ!» ብለው ሲሣለቁብኝ ጓደኛዬ ገመዱን ጥላ እስከ አጥሩ ሮጣ አለ የተባለ ስድብ ሁሉ አወረደችባቸው። ያን ቀን ይቺን ሴት ከእህት አስበልጬ ወደድኳት።

ሞጣ የሄድነው በመሥሪያ ቤት መኪና ነው። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። የሞጣ ሴቶች ሰፋፊ ትከሻ ያላቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴቶች ናቸው፤ ሳያቸው ደስ አለኝ፣ ከዛፍ ሌላ የሚጎተት ነገር አገኘሁ ብዬ። ተራችን ከመድረሱ በፊት ሽንት ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር።

ስመለስ ገመዱ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሴትዮዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ከእኛ በላይ ባለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በቅርቡ የተመደበች አዲስ ኃላፊ ናት። መምህር የምታዛውረውም የምታስቀረውም እሷ ናት። ከሩቅ አገር ነው የመጣችው። እኛን ለማበረታታት ብላ በራሷ መኪና ተከትላን መጥታለች፣ አዲስ ቱታ ለብሳለች፣ ገመዱን እንደ ነጠላ ጣል አድርጋው ቆማለች። የስፖርት መምህሩ ወደ እኔ ሮጠና ዓይኔን ሳያይ «ዛሬ እንግዳ አለን። አንቺ ከዳር ሆነሽ አበረታቺ፣ ድምፅሽ ትልቅ ነው» አለኝ።

የሰባቱን ጀርባ አየሁ። አንዲቷም አልዞረችም። የጓደኛዬን ጀርባ ደግሜ አየሁት፣ ቀጥ ብሎ ነበር። መስማቷን በዚያ አወቅሁ።

ፊሽካው ሲነፋ ኃላፊዋ ቀጥ ብላ እንደቆመች ወደ ፊት ሄደች። ተረከዝ የለ፣ መተኛት የለ። «ዝቅ በይ! ዝቅ! ተረከዝሽን!» ብዬ ጮኽኩ፤ አንቱታው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ድጋፍ የሰጠኋት መስሏት ፈገግ ብላ እጇን አነሣችልኝ። እጇን! ገመዱን ለቃ! የሞጣ ሴቶች ሰባቱንም ጎትተው መስመሩን ሲያሳልፏቸው ሕዝቡ ገና መጮህ አልጀመረም ነበር። ሁለተኛውም ዙር ያው ነው። ያን ሁሉ ጠዋት፣ ያን ሁሉ የተላጠ መዳፍ፣ በአንዲት ኃላፊ ፈገግታ ለወጡት። ኃላፊዋ እያንዳንዳቸውን አቅፋ «ዋናው መሳተፉ ነው» አለች፣ እነሱም አጨበጨቡ። እኔንም አቀፈችኝ። የስፖርት መምህሩ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ። ከተሸነፍን በኋላ!

ስንመለስ ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ቆመና ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ አልወረድኩም። ጓደኛዬ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምነው አኮረፍሽኝ?»

«ምን አደረግሽኝና?»

«ምን ልበል ታዲያ? ማመልከቻዬ እሷ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ። ልጄ እኮ ዛሬ ሜዳው ላይ ሲያየኝ እንደ እንግዳ ነው ያፈረኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሰውስ? ሰው ግን ይነቅዛል አልኳት። የልጇ ነገር አንጀቴን በልቶታል፣ አልዋሽም። ግን ልጇ አሳዝኖኝ እሷን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው ሆዴ ውስጥ ተቀመጡ፣ እስከ ቢቸናም አብረውኝ መጡ።

እነሱ ልምምዱን ባያቋርጡም እኔ ከዚያ በኋላ ቀረሁ። እንደ ደንባችን ቤቴ ድረስ መጥተው በሩን ደበደቡ። አልከፈትኩም። ከቆርቆሮው ማዶ ሆነው «አይዞሽ፣ ነይ እንጂ ችካል» ይሉኛል። አይዞሽ! ይህን ቃል በዚያ ሰሞን እንደጠላሁት የጠላሁት ነገር የለም። የማያስከፍል ነገር ነዋ! ማንም ለማንም ይለዋል፣ ለታመመ፣ ለወደቀ፣ በር ዘግቶ ለተኛ። ሞጣ ላይ የሚያስፈልገኝ አይዞሽ አልነበረም። «ይቅርታ፣ እዚህ ቦታ ሰው አለ» የምትል አንዲት ሴት ነበረች የምታስፈልገኝ።

«ራስሽስ ለምን አልተናገርሽም?» የሚለኝ አልጠፋም፤ ባለቤቴም ብሎኛል። መልሴ ይኸው፦ የእኔ ቦታ ስለሆነ ነዋ። ስለ ራሱ «ይገባኛል» ብሎ የሚጮህን ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚሉት የታወቀ ነው፤ ስግብግብ፣ ዓይን አውጣ ይሉታል። እኔ ስናገረው ስግብግብነት የሚሆነው ነገር ከሰባቱ አንዷ ብትናገረው ሐቅ ይሆን ነበር። ጓደኛ ለሌላ ለምን ይጠቅማል?

አንድ ጠዋት ግን ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ልታረቅ አይደለም። ኃላፊዋ ነገሩን ወዳው በየጠዋቱ ልምምድ ትመጣለች ሲሉ ሰምቼ መቀመጥ አቃተኝ። ሜዳው ላይ ስደርስ ባሕር ዛፉን እየጎተቱ ነው፣ እሷም ጫፉ ላይ ናት፣ አሁንም ቀጥ ብላ ቆማለች። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ» አልኳት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእኔ ቦታ ነው። ሞጣም ላይ የእኔ ነበር።»

የስፖርት መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ኃላፊዋ ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ እኔን አየች፣ እነሱን አየች፣ መልሳ እኔን አየች።

«ሰው ያለበት ቦታ ነው እንዴ?» አለች። «ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ ሞጣ የሄድኩት ውሃ ላቀብላችሁ ነበር። እሷ ናት አብረውን ይያዙ ያለችኝ።» በጣቷ ጓደኛዬን አሳየች። «የት ልቁም ብላት ‹ጫፉ የክብር ቦታ ነው፣ እርስዎ እዚያ ይሁኑ› አለችኝ። ክብር ነው ስትሉኝ እንቢ ልበል?»

ጓደኛዬ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ለወግ ነው እኮ ያልኩት!» አለች፣ ለኃላፊዋ ሳይሆን ለእኔ። «ትልቅ ሰው ሲመጣ ኖር ብለሽ ትነሺ የለም? እሱስ ‹በእግዜር፣ አይነሡ› ብሎ ያስቀምጥሽ የለም? እንደዚያ ነው ያልኩት። እንቢ ትላለች ብዬ ነው። ትይዘዋለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ!»

ኖር ብላ ነበር። በእኔ መቀመጫ ኖር ብላ ነበር! ሴትዮዋ አገሯ ሌላ ስለሆነ በእግዜር ማለት እንዳለባት አታውቅ፤ የተሰጣትን ተቀበለች። ስድስቱ ደግሞ ሰጪዋን ላለማሳፈር ብለው ዝም አሉ፣ የስፖርት መምህሩ ስድስቱን ተከትሎ ዝም አለ። የዚያን ሁሉ ቀን ንዴቴን የተሸከመችው ሴት እንዲያውም አንድ ነገር እንኳ አልቀማችኝም። ማንም አልቀማኝም። ሰው ፊት ጨዋ ለመባል ብለው አሳልፈው ሰጡብኝ።

ኃላፊዋ ገመዱን በሁለት እጇ አቀበለችኝና «ይቅርታ፣ እህቴ» አለች፣ ሄዳም ቀላሎቹ የሚቆሙበት ፊት ላይ ቆመች። ነገሩ ለማለቅ የወሰደበት ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀው። ቦታዬ ሲመለስልኝ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ ይልቁንም ከሞጣው ይበልጥ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም እንዲህ ቀላል እንደነበረ አሁን አየሁት።

ገመዱን በብብቴ ሥር አሳለፍኩ፣ በጀርባዬ አዞርኩ፣ ተረከዜን ዋልካው ውስጥ ቀበርኩ። ከፊቴ የተደረደሩት ጀርባዎች ሁሉ ዝቅ ብለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ዞረ። ጓደኛዬ ናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏም ሊከፈት ነው። የምትለውን አውቀዋለሁ።

«አትናገሪኝ» አልኳት። «ዞረሽ ሳቢ።»